ለሞታችን ዕድር አለን፤ ለመብታችንስ?

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይሉ ነበር። ይህን የሚል ሰው ጭብጦው ተነጥቆ ዝም ብሎ የሚተኛ አልነበረም። ስንቁን ቋጥሮ፣ ዋስ ጠርቶ፣ ከባለጋራው ጋር በቁራኛ ተቆራኝቶ፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሽማግሌ እንኳ ዳኛ አድርጎ ከዛፍ ሥር ይሟገት ነበር። ባይረካም ይግባኙን እየተከተለ እስከ ዙፋን ችሎት ይደርሳል።

የእነዚህ ተሟጋቾች የልጅ ልጆች የሆንነውና ዛሬ በአሜሪካን አገር ዩኒቨርሲቲዎች የምንማረው ኢትዮጵያውያን ግን፣ ጭብጦዋ ቀርታ በቅሎዋ ከነኮርቻዋ ስትነዳ ቆመን እናያለን። ፖሊስ ያለ በቂ ምክንያት አስቁሞ ኪሳችንን ቢበረብር፣ አከራይ በስልክ «ቤቱ አለ» ብሎ ፊታችንን ሲያይ «ተይዟል» ቢለን፣ የሥራ ኀላፊ በአነጋገራችን እየቀለደ የሚገባንን ዕድገት ለሌላ ቢሰጥ፣ ማታ ተሰብስበን ቡና እየጠጣን እንማረራለን። በመጨረሻም አንዱ «ተወው ባክህ፣ የሰው አገር ነው» ይልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። በበኩሌ ይህች «የሰው አገር ነው» የምትባል አነጋገር ዘረኛው ፖሊስ ካደረሰብን ያላነሰ ጉዳት ያደረሰችብን ይመስለኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ አነጋገሯ በሕግ ረገድ ስሕተት ናት። እ.ኤ.አ. በ1868 የጸደቀው የአሜሪካን ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ የሕግን እኩል ጥበቃ የሰጠው በግዛቱ ውስጥ ለሚገኝ ለማንኛውም ሰው ነው፤ ዜጋ ይሁን አይሁን አይልም። ይህም በወረቀት ብቻ አልቀረም። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከእንጨት በተሠራ ቤት ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ለመክፈት የከተማው ፈቃድ ያስፈልጋል የሚል ደንብ ወጥቶ፣ ፈቃድ የጠየቁ 200 ያህል ቻይናውያን በሙሉ ሲከለከሉ፣ ቻይናዊ ላልሆኑት ግን ከአንድ ሰው በቀር ለሁሉም ተሰጠ። ዪክ ዎ በሚባል ስም የሚታወቀው ይህ ክስ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1886 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ለልብስ አጣቢዎቹ ፈረዱላቸው። ሰዎቹ የአሜሪካን ዜጎች አልነበሩም፤ የዚያን ጊዜው ሕግም ዜጋ እንዲሆኑ አይፈቅድላቸውም ነበር። ልብስ አጣቢው እስከዚያ ድረስ ከሄደ፣ የማስተርስ ተማሪውን ምን ነካው?

ሌላው ሕግ የ1871 ነው። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው ማኅበር ጥቁሮችን ሲገድልና ሲያሳድድ የደቡብ ግዛቶች ባለሥልጣኖች ዐይናቸውን ስለ ጨፈኑ የወጣ ሕግ ነው። ጠበቆች ዛሬ በክፍል ቁጥሩ «1983» እያሉ ይጠሩታል፤ ቁጥሩን ዓመተ ምሕረት አድርጎ የሚያነብ አይጥፋና አስቀድሜ ልናገር። በመንግሥት ሥልጣን ተመክቶ የሰውን ሕገ መንግሥታዊ መብት የገፈፈ ባለሥልጣን በካሣ እንዲጠየቅ ያደርጋል። ሕጉ ዘጠና ዓመት ያህል አንቀላፍቶ ኖሮ በ1961 ነቃ። የነቃውም 13 የቺካጎ ፖሊሶች በማለዳ የአንድ ጥቁር ቤተሰብ ቤት ገብተው ባልና ሚስቱን ከአልጋ አስነሥተው ራቁታቸውን አቆሙ ተብሎ በቀረበው የመንሮ ክስ ነው።

እንግዲህ የሲቪል መብት ጠበቃ የምለው በእነዚህና እነዚህን በመሳሰሉ ሕጎች የሚሟገተውን ባለሙያ ነው። ከሌላው እየቀላቀልነው ብዙ ጊዜ እናጠፋለን። በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድኻ ከ1963ቱ የጊዲዮን ፍርድ ወዲህ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል፤ ነገር ግን ያ ተከላካይ ጠበቃ ከእስር ሊያስፈታን ይሞክራል እንጂ የደበደበንን ፖሊስ አይከስልንም። የቪዛ ጠበቃም ሥራው ሌላ ነው። ፎርም የሚሞላልን ጉዳይ አስፈጻሚ ደግሞ ሰውየው የቱንም ያህል ደግ ቢሆን ጠበቃ አይደለም። ለካሣ በሚቀርብ ክስ ጠበቃ ፈልጎ ማግኘት የራሳችን ፈንታ ነው።

የሙሉጌታ ሥራውን ስም ከመካከላችን ያልሰማ ያለ አይመስለኝም፤ ይሁን እንጂ የምናወራው አሟሟቱን ብቻ ነው፤ ሙግቱን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ሙሉጌታ ለትምህርት ወደ ኦሪገን ግዛት መጥቶ በፖርትላንድ ከተማ እየሠራ የሚኖር የ28 ዓመት ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1988 ሌሊት ጸጉራቸውን የተላጩ ሦስት የነጭ ዘር አምላኪዎች በእርሱና በጓደኞቹ ላይ ተነሡባቸው፤ አንደኛው በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን መትቶ ገደለው። ሦስቱም ጥፋታቸውን አምነው ታሰሩ። በእኛ ልማድ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ገዳይ ታሰረ፣ ሟች ተቀበረ፣ ተዝካሩ ወጣ።

ቤተሰቡ ግን በዚህ አላቆመም። አጎቱ የሟቹ ወኪል ሆኖ ቆመ፤ የሳዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር ጠበቃ ሞሪስ ዲስም ከአንቲ ዲፋሜሽን ሊግ ጋር ሆኖ ነገሩን ያዘ። ዱላውን ያነሣው ማን እንደሆነ ታውቋል፤ ጠበቆቹ የፈለጉት ዱላውን ያስነሣውን ነበር። ፍለጋው ከፖርትላንድ ርቆ በካሊፎርኒያ ተቀምጦ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ጥላቻ ይሰብክ ከነበረው ከቶም ሜትስገር ዘንድ ደረሰ። ይህ ሰው ወጣቶቹን እንዲያደራጅለት ወኪሉን ወደ ፖርትላንድ ልኮ ነበር። ወኪሉን ለቡድኑ የሚያስተዋውቅ ደብዳቤ ተገኘ፤ ወኪሉ ራሱም ከድቶ መሰከረ። ሜትስገር ያለ ጠበቃ ራሱ ተከራከረ። በኦክቶበር 1990 ጁሪው በእርሱ፣ በልጁ፣ በድርጅቱና በገዳዮቹ ወገን ላይ በጠቅላላው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረደ። ከገንዘቡ የተሰበሰበው ጥቂቱ ነው፤ ሆኖም የሜትስገር ቤት ተሸጠ። የሟቹ ወራሽ የነበረው በኢትዮጵያ የሚኖር ትንሽ ልጁ ነው።

ይህ ክስ በግል ሰዎች ላይ ስለ ነበረ የቀረበው ከዚህ በላይ በጠቀስኩት በ1871ዱ ሕግ አይደለም፤ በኦሪገን ግዛት ፍርድ ቤት በግዛቱ ሕግ ነው። ለእኛ ግን የሚያስተምረው ያው ነው። 12.5 ሚሊዮኑን ያስፈረደው የጠበቃው አንደበት ብቻ አይመስለኝም፤ አንድ ደብዳቤ ሳይጣል ተቀምጦ መገኘቱና የሚመሰክር ሰው በጊዜው መፈለጉ ነው።

ስለ ጊዜ ካነሣሁ፣ በአገራችን ሕግ ይርጋ የምንለው እዚህም አለ። በ1983 ክፍል የሚቀርብ ክስ ጊዜው እንደየግዛቱ ይለያያል፦ በቴኔሲና በኬንታኪ 1 ዓመት፣ በካሊፎርኒያና በቴክሳስ 2 ዓመት፣ በኒው ዮርክና በሜሪላንድ 3 ዓመት ነው። ይህን የሰማ ተማሪ «ገና ነው» ብሎ ይተኛል። ነገር ግን በግዛቱ ሕግ ጭምር ከተማውን ለመክሰስ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት ይኖርበታል፤ ይህም በኒው ዮርክ በ90 ቀን፣ በዋሽንግተን ዲሲ በ6 ወር ውስጥ ነው። በሥራ ቦታ ስለ ዘር ልዩነት የሚቀርብ አቤቱታ ለፌዴራሉ ኮሚሽን በ180 ቀን፣ በብዙ ግዛቶች ደግሞ በ300 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት።

የሽምግልናን ልማዳችንን እንደ ጌጥ የምንቆጥር ሁሉ የሚከተለውን እንድናስተውል እለምናለሁ፤ በተለይ መምህራኖቻችን። አንድ ላይቤሪያዊ መምህር ከ1970 ጀምሮ በደላዌር ስቴት ኮሌጅ ሲያስተምር ኖሮ፣ በማርች 1974 ቋሚ መምህርነት እንዳይሰጠው ተወሰነ። ለኮሌጁ ቅሬታ ሰሚ አካል አመለከተ፤ ቅሬታው ሲታይ ወራት አለፉ፤ ኮሌጁም የመጨረሻ የአንድ ዓመት ውል ሰጥቶ አሰናበተው። በትውልድ አገሩ ምክንያት ተበደልኩ ብሎ ቢከስም፣ የሪክስ ክስ በሚባለው በዚህ ነገር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 በ5 ድምፅ ለ4 ጊዜው አልፎበታል ብሎ ፈረደበት። ይርጋው የሚቆጠረው ውሳኔው ከተነገረው ቀን ጀምሮ ነው፤ ቅሬታው በኮሌጁ ውስጥ እየታየ መቆየቱ ቆጠራውን አያቆመውም ማለት ነው። ሰውየው የሠራው እኛ ጨዋነት የምንለውን ነበር። ደጅ ጠና፣ ተስፋ አደረገ፣ መልስ ጠበቀ።

ከእኛም መካከል ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ባለፈው ዓመት አንድ የማኅበራችን አባል ከቤተ መጻሕፍት ሲመለስ ፖሊስ አስቁሞ በካቴና አስሮት የእጁ አንጓ ተጎዳ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ «ሌላ ሰው መስለኸን ነው» ተብሎ ተለቀቀ። ታላላቆቻችን መከሩት፣ ለዩኒቨርሲቲው ዲን ደብዳቤ ተጻፈ፣ መልሱ ተጠበቀ። ጠበቃ ዘንድ ሲደርስ ሰባት ወር አልፏል። ጠበቃዋ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችው በማዕዘኑ ላይ ያለውን የሱቅ ካሜራ ነበር። የሱቁ ካሜራ የያዘውን ምስል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአዲስ እየሸፈነ ራሱን በራሱ ያጠፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ቢሆን ኖሮ ምስሉ እንዲጠበቅ የሚጠይቅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃ ነበር።

ሌላም ወጥመድ አለ። የታሰረ ሰው ብዙ ጊዜ «ቀላሉን ጥፋት እመንና ወደ ቤትህ ሂድ» ይባላል። ፈተና የደረሰበት ተማሪ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ነገር ግን በ1994 በተፈረደው የሄክ ክስ መሠረት፣ ፍርዱ እስካልተሻረ ድረስ ጥፋተኝነቱን የሚያፈርስ የካሣ ክስ ማቅረብ አይቻልም። በዚያ ላይ የውጭ አገር ሰው ያመነው ጥፋት ከአገር ሊያስወጣው ይችላል፤ የወንጀል ጠበቃው ይህን የማስጠንቀቅ ግዴታ እንዳለበት በ2010 በፓዲያ ክስ ተወስኗል። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀጠሮ ልለፍ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን አባባል እየጠቀስን ነገራችንን ከአባታችን ልደት የምንጀምር ብዙዎች ነን። ጠበቃው ለመጀመሪያው ጊዜ የሚሰጠን ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ነገሩ የተፈጸመበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የተነገረውን ቃል በቅደም ተከተል ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ወረቀት ጽፎ መቅረብ ያስፈልጋል። ያየነውንና የሰማነውን ለይተን እንጻፍ። የማናስታውሰውን «አላስታውስም» እንበል፤ ነገር ለማሳመር የገባች አንዲት ቃል በኋላ በመስቀለኛ ጥያቄ ባለጋራን ታስደስታለች።

ሰዓትና ቀን ስንጽፍ ደግሞ የእኛ የብቻ ችግር አለ። በልባችን «ማታ 3 ሰዓት» ያልነው በእነርሱ 9 ሰዓት ነው፤ መስከረምን በአእምሮአችን ስንቆጥር የእነርሱን ሴፕቴምበር እናዛባለን። በፖሊስ ጣቢያ አንድ ሰዓት፣ በሐኪም ቤት ሌላ ሰዓት ከተናገርን ባለጋራው «ውሸታም ነው» ይላል እንጂ የባሕረ ሐሳብን ልዩነት አያጠናም። ስምም እንዲሁ ነው። አንዱ መዝገብ በአባት ስም፣ ሌላው በአያት ስም፣ ሦስተኛው በተሳሳተ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ስማችን የተጻፈባቸውን መንገዶች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝሮ መስጠት ለጠበቃው ትልቅ ድካም ያቀልለታል።

ከወረቀቱ ጋር የሚያዘው ሰነድ እንደ ጉዳዩ ነው፤ የፖሊስ የመዝገብ ቁጥር፣ የባለሥልጣኑ ስም ወይም የደረቱ ቁጥር፣ የተላኩና የመጡ ደብዳቤዎች፣ ፎቶግራፍ፣ የኪራይ ወይም የሥራ ውል፣ የምስክሮች ስምና አድራሻ። ዋናውን ጠብቀን ግልባጩን እንስጥ። በስልክ ላይ ያለውን መልእክት «አስቀያሚ ነው» ብለን አናጥፋ፤ የሚጎዳንም ቢሆን ማጥፋቱ ይብሳል። የደረሰብንንም በፌስቡክና በቴሌግራም ከማውጣት እንቆጠብ፤ በቁጣ የጻፍነውን ባለጋራው ቀድሞ ያነብበዋል።

ስለ ሐኪም አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ሰው ሐኪም «እንዴት ነህ?» ሲለው «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ይህ ምስጋና ነው፤ በሐኪሙ መዝገብ ላይ ግን «በሽተኛው ሕመም የለኝም ብሏል» ተብሎ ይሰፍራል። ከዓመት በኋላ ክንዱ አልታዘዝ ሲለው ያች አንዲት መስመር ከፊቱ ትቀርባለች። እንቅልፍ ማጣትንም፣ መደንገጥንም፣ ከትምህርት መቅረትንም መናገር እፍረት አይደለም፤ ሕጉ ይህንንም ጉዳት ብሎ ይቆጥረዋል።

ከጠበቃው ጋር የምንነጋገረው ሁሉ ምስጢር ነው፤ ጠበቃው ጉዳዩን ባይቀበለው እንኳ ምስጢሩን ይጠብቃል። ስለዚህ የሚያሳፍረንንም ጭምር እንንገረው፤ ቀድሞ ታስረን እንደ ሆነ፣ ቪዛችን ከሚፈቅደው በላይ ሠርተን እንደ ሆነ፣ በዚያ ሌሊት ጠጥተን እንደ ሆነ። ጠበቃው ክፉውን ነገር ከእኛ ቢሰማው መላ ይፈልግለታል፤ ከባለጋራው አፍ በችሎት ከሰማው ግን አለቀ። እዚህ ላይ የዘመድ ነገር ይመጣል። አጎት፣ የክርስትና አባትና ሁለት የመንደር ልጆች አስከትሎ ጠበቃ ቢሮ መግባት ለእኛ ክብር ነው፤ በዚህ አገር ሕግ ግን ከሳሹና ጠበቃው ሲነጋገሩ የማያስፈልግ ሦስተኛ ሰው ካለ የምስጢሩ ጥበቃ ሊፈርስ ይችላል። ዘመድ ሰውን አድርሶ ውጭ ይጠብቅ። እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ሰው አስተርጓሚ መያዝ የተፈቀደ ነው፤ ከዘመድ ይልቅ በሙያው የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ወሬ አለ። አንዳንዱ ጠበቃ በሰዓት ያስከፍላል፤ ብዙው ግን በካሣ ክስ ከሚፈረደው ገንዘብ ሲሶ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ድርሻ ይወስዳል፤ ካልተፈረደ የድካሙን አይጠይቅም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያሉ የተሰለፉት የቀድሞ ተማሮች ሲሶ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን ይቋጥሩ ይሆናል፤ በዚህኛው ውል ግን ባለ ርስቱ እኛ ነን፣ አራሹ ጠበቃው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ሌላ ሕግም አለ፤ በመብት ክስ የረታ ሰው የጠበቃውን ዋጋ ዳኛው ከተረቺው እንዲያስከፍልለት ይፈቅዳል። ድኻ ከሳሽ ጠበቃ የሚያገኘው በአብዛኛው ስለዚህ ሕግ ነው። ይሁንና በፌብሩዋሪ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጊዜያዊ እግድ ብቻ የረታ ሰው እንደ ረቺ አይቆጠርም ስላለ፣ ጠበቆች አንዳንዱን ጉዳይ ለመያዝ ማመንታታቸው አይቀርም። የድካም ዋጋና ወጪም የተለያዩ ናቸው። የፌዴራል ፍርድ ቤት መክፈቻ ብቻ 405 ዶላር ነው፤ የባለሙያ ምስክር ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ብንረታ ወጪው የሚነሣው ሲሶው ከመቆረጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ብንሸነፍስ ማን ይከፍላል? ይህ ሁሉ በውሉ ላይ ተጽፎ ሳይታይ መፈረም የለበትም።

ጠበቃን መጠየቅ ድፍረት የሚመስለን አለን። ወንበሩ ላይ ተጨብጠን «እርስዎ እንዳሉ» እንላለን። ፖሊስን ከስሰው ያውቃሉ? እስከ ጁሪ የደረሰ ጉዳይ አለዎት? ሥራውን ራስዎ ነዎት የሚሠሩት ወይስ ረዳትዎ? ከተማውን ወይም ዩኒቨርሲቲውን ወክለው ያውቃሉ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በስምምነት ልጨርስ ወይስ ልቀጥል የሚለውን የሚወስነውም ባለ ጉዳዩ ነው። ጉዳዩን አልይዝም ቢል ጊዜው መቼ እንደሚያልቅ ጠይቀን ወደ ሌላ እንሂድ፤ የአንድ ጠበቃ እምቢታ ፍርድ አይደለም። በዚህ አጋጣሚ የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ መሆኑን፣ የውጭ ተማሮች አማካሪዋም የቱንም ያህል ብታዝንልን የነገርናትን ከአለቆቿ ለመደበቅ ሕግ እንደማያስችላት እናስታውስ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሮች ነጻ የሕግ አገልግሎት አላቸው፤ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲውን በሚነካ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ እጃቸውን ይሰበስባሉ።

ክሱ ቀላል ነው ብዬ ማንንም አላታልልም። ፍርድ ቤቶቹ ራሳቸው ከ1967 ጀምሮ ያበጁትና በ1982 ያጠነከሩት ከለላ አለ፤ የተጣሰው መብት ቀደም ሲል በግልጽ የታወቀ ካልሆነ ባለሥልጣኑ ካሣ አይከፍልም። ከተማውን ለመክሰስ ደግሞ ከ1978ቱ የሞኔል ፍርድ ወዲህ በደሉ ከከተማው መመሪያ ወይም ከተለመደ አሠራሩ የመጣ መሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል። እንግዲህ አንድ ተማሪ ብቻውን አሠራርን እንዴት ያስረዳል? በዚያው ማዕዘን ላይ ከእርሱ በፊት አራት ልጆች ቆመው ተፈትሸው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አራቱ ዝም ስላሉ አምስተኛው ይሸነፋል።

ፍርሃቱንም አቃልዬ አላየውም። እ.ኤ.አ. በ2025 ጸደይ መንግሥት ከ4000 የሚበልጡ የውጭ አገር ተማሮችን የትምህርት መዝገብ በድንገት ሲሰርዝ ከመካከላችን እንቅልፍ ያልወሰደው ማን ነው? ሆኖም ያን ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። በየግዛቱ ያሉ ተማሮች፣ ብዙዎቹም ስማቸው ሳይገለጽ፣ ጠበቃ ይዘው በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ ዳኞችም በብዙ ቦታ እግድ ሰጡ፤ ኤፕሪል 25 ቀን የመንግሥቱ ጠበቃ መዝገቦቹ እንደሚመለሱ በችሎት አስታወቀ። ቪዛው የሚያሰጋው ሰው ከሁለቱም ዐይነት ጠበቃ ጋር መማከር አለበት እንጂ ከሁለቱም መሸሽ የለበትም።

«አገራችን በስንት ችግር ላይ ሳለች ስለ አሜሪካን ጠበቃ መጻፍ ቅንጦት ነው» የሚሉ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ። እነዚሁ ወንድሞች ባለፈው ወር የመኪና ማቆሚያ ቅጣታቸውን ለማስቀረት ሦስት ቀን ሲሟገቱ አይቻቸዋለሁ።

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል በወር 5 ዶላር አዋጥቶ ለአንድ አባል የመጀመሪያ ምክክርና ለአስተርጓሚ የሚከፈል ተቀማጭ እንዲኖረን። ሁለተኛ፣ በዚህ ግዛት የሲቪል መብት ክስ የሚይዙ ጠበቆችን ስም የሕግ ትምህርት ቤቱን የነጻ አገልግሎት ክፍልና የጠበቆች ማኅበሩን እየጠየቁ የሚያዘጋጁ ሁለት ሰዎች እንዲመረጡ፤ ለዚህ እኔ ፈቃደኛ ነኝ። ሦስተኛ፣ በደል የደረሰበት አባል የሚያስመዘግብበት አንድ መዝገብ እንዲከፈት። በመዝገቡ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና የመሥሪያ ቤቱ ስም ብቻ ይጻፍ፤ ፍርድ ቤት ሊያስቀርበው ስለሚችል ሐተታውን ባለ ጉዳዩ ለጠበቃው ያቆይ። ገንዘቡ ከዕድሩ ገንዘብ ተለይቶ በሌላ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ለቀብርና ለሬሳ መላኪያ ካጠራቀምነው አንድ ሳንቲም አይነካም።